ወርክሺት የልጅ ፊት አያይም

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ዋለ። መዝጋቱ ግድ ነበር፤ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ «ትምህርቱ በኦንላይን ቀጥሏል» ከሚለው ወሬ ጋር ነው።

ምኑ ነው የቀጠለው? አዳማ ላይ አቅም ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም ወርክሺት ላኩ። ልጁ አባቱ ከነስልኩ ከሥራ እስኪመለስ ጠብቆ፣ መልሱን ጽፎ፣ ፎቶ አንስቶ መለሰ። የመንግሥት ተማሪ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፈት ተባለ። መብራት የሌለው የገጠር ልጅማ ከነጭራሹ ተረሳ።

ሰኔ 23 ቀን፣ በሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት፣ ኢንተርኔቱ ራሱ ተቆረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በአዳማ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሻሸመኔ ንብረት ሲቃጠል፣ ሰው ሲሞት ልጆች ከቤት ሆነው ሰሙ፤ ያዩም አሉ። ከጓደኞቻቸው ከተለዩ ከሦስት ወር በላይ ሆኗቸው ነበር። ያንን ፍርሃት ለማን ይናገሩት?

ትምህርት ቤት ማለት ከወላጅ ሌላ የልጅን ፊት በየቀኑ የሚያይ አዋቂ ያለበት ቦታ ነው። ልጁ ሲያኮርፍ፣ ሲከሳ፣ ክንዱ ላይ ሰንበር ሲታይ «ምን ሆነህ ነው?» የምትል መምህርት ያለችበት። ወርክሺት ይህን አይጠይቅም። ቤት ውስጥ የሚደበደብ ልጅም አሥሩንም ጥያቄ በትክክል ሠርቶ ሊልክ ይችላል፤ ውጤቱ አሥር ከአሥር ነው፣ ስቃዩን ግን ማንም አላየለትም።

«ልጅ ይረሳል፤ ጭንቀት የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አይጠፉም። እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሚሸሽ፣ ስልኩን ሲቀሙት ቤቱን የሚያናውጥ ልጅ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ነው። ስም ስላላወጣንለት አልዳነም።

በ2013 ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ስለ ማስክ፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ፈረቃ ብዙ ተወራ። ስንቱ ልጅ ግን «እንዴት ከረምክ?» ተብሎ ተጠየቀ? በ2012 ስድስተኛ ክፍል የነበረው፣ ካልደገመ፣ በ2018 አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ያልተጠየቀውን ይዞ ፈተና ሊቀመጥ ነው።

የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች፦ ክፍያ ስትጨምሩ ከጭማሪው ላይ አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ ቅጠሩ። ወላጆች፦ በክፍያ ስብሰባ ላይ ስለ ብሩ ብቻ ሳይሆን ስለ አማካሪውም ጠይቁ። የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች፦ ነገ በበሽታም በጸጥታም ትምህርት ቤት ቢዘጋ መመሪያችሁ ከዚህ ይጀምር፦ መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ለልጁ ቤት ደውሎ ድምፁን ይስማ። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ተራ ስልክ ይበቃል። ወርክሺቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።