«ኦርጋኒክ ሱፍ» ለማለት አይቸኮል

የካፖርት ጨርቅ የሚገዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ልብስ ሠሪዎች ስለ ሱፍ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛው በጉ እንዴት ተያዘ የሚል ነው። ሁለተኛው በጉ ምን በላ፣ ምንስ መድኃኒት ተሰጠው የሚል ነው። የመጀመሪያው የሥነ ምግባር፣ ሁለተኛው የኦርጋኒክ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «የእኛ በግ ሣር እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ስለዚህ ሱፉ ኦርጋኒክ ነው» ማለት ግን ነጋዴውን ገበያ ሊያሳጣው ይችላል።

በርበራን በመሳሰሉ ወደቦች በኩል በብዛት የሚወጣው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ሱፍ የለውም። ሱፍ የሚገኘው ከደጋ ነው፤ በኬንያ ከሜሪኖና ከኮሪዴል ዝርያዎች፣ በኢትዮጵያ ከመንዝ በግ። መንዝ ላይ ሱፉ ተፈትሎና ተሸምኖ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። በርኖስ የደጋው ሰው ካፖርት ነው። የሱፉ ሻካራነት ከገላ ለሚነካ ልብስ ባይመችም፣ ከላይ ለሚደረብ ልብስ ነውር አይሆንም።

በሥነ ምግባሩ በኩል የመንዝ በግ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። በአውስትራሊያ ቆዳቸው የተሸበሸበ የሜሪኖ በጎች ዝንብ እንቁላል እንዳይጥልባቸው ሲባል ከጭራቸው ሥር ቆዳቸው ይገፈፋል፤ ሙልሲንግ ይሉታል። ኒውዚላንድ ይህን በ2018 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። የመንዝ በግ ግን እንዲህ ያለ ጭካኔ አይደርስበትም።

ችግሩ ያለው በኦርጋኒኩ በኩል ነው። ቅማልና ሌሎች የቆዳ ተባዮች የደጋውን በግ ያሳክኩታል፤ ቆዳ ፋብሪካዎች «እከክ» ብለው ዋጋ የሚቀንሱበት ጉዳትም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በጉ ዳያዚኖን ይረጫል፣ አይቨርሜክቲን ይወጋል። ይህ ተገቢ ሕክምና ነው። ነገር ግን መቼና ስንት ጊዜ እንደተሰጠ የሚናገር መዝገብ ከሌለ፣ ያ ሱፍ ኦርጋኒክ ሊባል አይችልም። ጎትስ የተባለው ዓለም አቀፍ የጨርቅ መለኪያ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ስም የሚፈቅደው ከክሩ ቢያንስ 95 በመቶው የተረጋገጠ ኦርጋኒክ ሲሆን ነው፤ ማጠቢያውንና ማቅለሚያውንም ይመረምራል።

አንዳንዱ «እንግዲያው መድኃኒቱን እንተወው» ሊል ይችላል። ይህ የባሰ ስህተት ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ስሙን ላለማጣት ብሎ የታመመን እንስሳ ሕክምና መንፈግን በግልጽ ይከለክላል። እያሳከከው የከረመ በግ ሱፍ ኦርጋኒክም፣ ሥነ ምግባር የተጠበቀበትም አይደለም።

ጥቂት በግ ላለው አርቢ የምስክር ወረቀት ወጪ እንደሚከብድ እውነት ነው። ወጪው በማኅበር ሲጋሩት ይቀላል። መዝገቡን ለመጀመር ግን አንድ ደብተር ይበቃል። ሱፍ ሰብሳቢው ነጋዴ የየቀበሌውን ሱፍ ሳይቀላቅል በየጆንያው ይያዝ፤ የተሸለተበትንና መድኃኒት የተሰጠበትን ቀን ይጻፍ፤ በቀለም ለተለየና ከቆሻሻ ለጸዳ ሱፍ ለአርቢው ጨምሮ ይክፈል። ጆንያው ላይም እውነተኛውን ስም ያስፍር፦ «የመንዝ በግ ሱፍ፣ ሙልሲንግ ያልተደረገበት፣ የሕክምና መዝገብ ያለው»። ይህ ስም ከሐሰተኛ «ኦርጋኒክ» ይሻላል፤ ገዢው ሲመረምረው አይፈርስምና።

የድንበር ነጋዴ የመተማመንን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል። በ2000 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሥጋት ከአፍሪካ ቀንድ ከብት መቀበል ስታቆም፣ ጤነኛ መንጋ ያለውም ከሌለው እኩል ቆመ። በሩ እስኪከፈት ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ። ያኔ የጎደለው ገዢው የሚያምነው ማስረጃ ነበር። የሱፍ ገበያ ገና ሳይደራ ማስረጃውን ማዘጋጀት፣ ከተዘጋ በኋላ በር ከማንኳኳት ይቀላል።