«ክላውን» የምትሉ ሰዎች፣ ቃሉን ታውቁታላችሁ?



በነጋዴው አፍ አንድ ቃል ገብቷል፤ «ክላውን»። አዲስ ሰው ስለ ዋጋ ወይም ስለ ምንዛሪ ሲጠይቅ «ክላውን ነህ እንዴ?» ይባላል። ደላላ የበላው ሰው «ገንዘቤን!» ሲል ያቺ ባለ ቀይ አፍንጫ ምስል በስልኩ ትላክለታለች። ይሳቃል፤ ጉዳዩም በዚያው ይቀራል። ይህ ሳቅ እያከሰረን ነው፤ ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንወቀው። «ክላውን» በእንግሊዝኛ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ ነው። ያኔ ዛሬ የምናውቀው ሰርከስም ሆነ ቀይ አፍንጫ አልነበረም። ቃሉ ገጠሬ፣ የከተማ ወግ የማያውቅ ሰው ማለት ነበር። በእንግሊዝ ቲያትር ቤቶች ከተሜውን ለማሳቅ ገጠሬ መስሎ የሚጫወት ተዋናይ መድረክ ላይ ወጣ፤ ስሙም ከባላገሩ ወደ አሳቂው ተሻገረ። ፊቱን ነጭ ጉንጩን ቀይ የሚቀባውን ክላውን በለንደን ያስለመደው ጆሴፍ ግሪማልዲ ነው፤ የኖረው ከ1778 እስከ 1837 ነው። ከዚያ በፊት ግን ቃሉ የገበሬ መስደቢያ ነበር።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? ድንበሩን ስንሻገር በስዋሂሊ «ምሻምባ» እንባላለን። «ሻምባ» እርሻ ነው፤ «ምሻምባ» የእርሻ ሰው፣ ማለትም ያልሠለጠነ። በአማርኛችንም «ባላገር» ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ሆኖ ሳለ ከተሜው ስድብ አደረገው። አልበቃ ሲለው «ፋራ» ጨመረበት። ቋንቋው ሦስት፣ ስድቡ አንድ፤ የሚሰደበውም ያው የሚያበላን ሰው!

እስቲ በሞያሌ ገበያ «ፋራ» የምትሉት ማን ነው? የበሬውን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን የሚነግራችሁ፣ ሚዛን ሳይኖር ክብደቱን በዓይኑ የሚገምተው አርብቶ አደር አይደለም? እሱ የማያውቀው የዛሬውን የሽልንግ ምንዛሪ ብቻ ነው። ያንንም ቢጠይቅ ልክ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በድሮ ሒሳብ የሚሸጥ ሰው ነው የሚከስረው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው።

«ኧረ ጨዋታ ነው፣ አታክርረው» የሚል አይጠፋም። ጨዋታማ እናውቃለን። አማርኛ ቀልደኛን ከመሳቂያ ለይቶ ያስቀምጣል። ቀልደኛ ሰውን ሊያስቅ አስቦ ያስቃል፤ ሙያ ነው፣ እንጀራ ነው፣ ይከበራል። መሳቂያ ግን ሳይፈልግ የሚሳቅበት ነው። «ክላውን» ሁለቱን ስለሚደባልቅ ተሳዳቢው ሲያዝ «ቀልደኛ ማለቴ ነው» ብሎ ያመልጣል። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ማምለጫ አያገኝም ነበር።

«አጭበርባሪ ደላላንም እኮ ክላውን እንለዋለን» ካላችሁኝ፣ ይህ ይባስ! የሰው ገንዘብ ይዞ የጠፋ ሰው ክላውን አይደለም፤ ሌባ ነው። የተበላሸ ቦሎቄ ከጥሩው ቀላቅሎ የሸጠ አጭበርባሪ ነው። ቃል ገብቶ የቀረ ቃል አባይ ነው። ለሌባው የቀልድ ስም ስትሰጡት ወንጀሉን ታቀሉለታላችሁ። ያንኑ ስም ለተዘረፈው ስትሰጡት ደግሞ አፉን ትዘጉታላችሁ። አንዱ ነጋዴ አፍሮ ዝም ሲል ያው ደላላ በሳምንቱ ሌላውን ይበላል። ከዚህ ሁሉ ሳቅ የሚያተርፈው ደላላው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የጠየቃችሁን ሰው ካወቃችሁ መልሱለት፤ ካላወቃችሁ ወደሚያውቅ ምሩት። ሌባውን ሌባ በሉት። የተበላው ሰው ግን ሳያፍር ይናገር፤ እሱ ከተናገረ ሌላው ይተርፋል። ክላውንን ለሰርከስ ተዉለት፤ እዚያ ሰው ከፍሎ ይስቅበታል። እኛ ጋ የሚከፍለው የሚሳቅበት ሰው ነው።