ስለ ቤታችን ውሻና ስለ ድምፅ መሣሪያዎቻችን

እናታችን በሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው ከሚያኖሯቸው አሮጌ ሸክላዎች በአንደኛው ላይ አንድ ነጭ ውሻ ራሱን ዘንበል አድርጎ በግራሞፎን ፊት ተቀምጦ የሚታይበት ሥዕል አለ። ይህን ሥዕል ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ውሻው ኒፐር ይባል ነበር፤ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. ተወልዶ በ1895 ዓ.ም. ሞተ። ሠዓሊው ፍራንሲስ ባሮ፥ የውሻው ጌታ የነበረው ወንድሙ በሞተ ጊዜ ውሻውን ተቀብሎ ያኖረው ሰው ነበርና፥ ውሻው ከሞተ ከ3 ዓመት በኋላ ይህን ሥዕል በትዝታ ሠራው። በመጀመሪያ በሥዕሉ ላይ የነበረው ሌላ ዓይነት የድምፅ መሣሪያ ነበር፤ በ1899 ዓ.ም. አንድ የግራሞፎን ኩባንያ ሥዕሉን ሊገዛው በተስማማ ጊዜ ግን ሠዓሊው የቀድሞውን ፍቆ በስፍራው የኩባንያውን ግራሞፎን ሣለበት። የሥዕሉም ስም «የጌታው ድምፅ» ነው።

እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን ሥዕል ባየን ቍጥር ውሻው ደስ ብሎት የሚያዳምጥ ይመስለን ነበር። በቤታችን ከደረሰው ነገር በኋላ ግን፥ ራሱን ያዘነበለው ደስ ብሎት ይሁን ወይም ግራ ገብቶት ለመለየት አልቻልንም።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን መሣሪያው በአንድ ሰፈር በአንድ ወይም በሁለት ቤት ቢገኝ ነው፤ የጎረቤት ልጆችም በር ላይ ተደርድረው ያዩ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ዛሬ ግን በእኛ በአንዱ ቤት ብቻ እንኳ በሳሎን ትልቅ ቴሌቪዥን፥ በእናታችን ራስጌ ራዲዮ፥ በእያንዳንዱ ልጅ እጅ ሞባይል፥ በታላቁ ልጃችን መስኮት ላይ ደግሞ ቁመቱ ክንድ የሚያህል ድምፅ ማጉያ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚናገሩበት ሰዓት ብዙ ነው። ሰው ሰውን «ምን አልህ?» እያለ ይኖራል።

ውሻችን ቡቺ ይባላል። የሚታሰረውም፥ ሳናስበው እንዲያው ለበሩ ቅርብ ነው ብለን፥ ከዚያ ድምፅ ማጉያ ካለበት መስኮት ሥር ነበር። ሙዚቃው ከፍ ባለ ጊዜ ምላሱን እያወጣ ያለከልካል፤ ያዛጋል፤ በሰንሰለቱ ልክ ይመላለሳል። እናታችን ይህን አይተው፥ «ልጆቼ፥ ይህ እንስሳ እኮ ተጨንቋል፤ ኧረ ቀነስ አድርጉለት» ይሉን ነበር። እኛም «እማዬ፥ ውሻ ስለ ዘፈን ምን ያውቃል!» ብለን እንስቅ ነበር። ይህን ስንጽፍ ያፍረናል፤ ነገር ግን የሆነው እንደዚህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የዕንቍጣጣሽ ዋዜማ፥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በየሰፈሩ ርችት መተኮስ ሲጀመር እኛ ሁላችን ለማየት ወደ ውጭ ወጣን። ቡቺ ሰንሰለቱን ከነማሰሪያው በጥሶ በአጥሩ ላይ ዘልሎ ጠፋ። በጩኸቱ ምክንያት ሲበጥስ የሰማው ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ልጆቹ አበባ ለመስጠት ሳይሆን ውሻ ለመፈለግ ከቤት ወደ ቤት ዞሩ።

በሦስተኛው ቀን ጭቃ ለብሶ፥ አንገቱ ሌላ ውሻ ነክሶት ቈስሎ ተመለሰ። ታናሹ ልጃችን ከሁላችን ቀድሞ ሮጠና አቀፈው፤ ቡቺም እጁን ላሰው። በልጁ መዳፍ ላይ ከሁለት ቀን በፊት በጠርሙስ ስባሪ የተቈረጠ፥ ገና ያልደረቀ ቍስል ነበረበት። ይህን ያስተዋሉት እናታችን ናቸው። ወዲያው ጎትተው ወደ ቧንቧ ወሰዱትና በሳሙና ያጥቡት ጀመር፤ እኛም የውሻውን የክትባት ወረቀት ፍለጋ መሳቢያ ለመሳቢያ ተራወጥን። በመጨረሻ ከአሮጌ ካሴቶች ሥር ተገኘ፤ ቀኑ ግን ካለፈ ቈይቶ ነበር። ለአዲስ ድምፅ ማጉያ ገንዘብ ያላጣን ሰዎች ለክትባት ጊዜ አጥተን ነበር ማለት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በለሃጭ የሚተላለፍ ነው፤ በንክሻ ብቻ ሳይሆን ቍስል ባለበት ገላ ላይ በመላስም ሊገባ ይችላል። ከገባም በኋላ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰውን ከሚይዘው ከዚህ በሽታ ከመቶው 99 ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ደጉ ነገር፥ ሕመሙ ሳይጀምር በመካከል ባለው ጊዜ ክትባት ሰውን ሊያድን መቻሉ ነው፤ ይህንንም ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ውሻ በነከሰው በአንድ የ9 ዓመት ልጅ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ቍስሉ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል መታጠብ እንደሚገባው ነገሩን፤ እናታችን ከዚያ ሳያሳንሱ ነበር ያጠቡት። ልጁ መርፌውን በየተቀጠረለት ቀን እየተመላለሰ ተወጋ። የእንስሳት ሐኪሙም የቡቺን ክትባት አድሶ፥ ለብዙ ሳምንታት ከሰው ተለይቶ እንዲጠበቅ አዘዘን። በእነዚያ ሳምንታት ሌሊት ውሻው ባሳለ ቍጥር ከእንቅልፋችን እየነቃን አደርን። በመጨረሻ ልጁም ውሻውም ደኅና ሆኑ።

በዚያ በጭንቀቱ ጊዜ ስለ እንስሳት ጆሮ የተጻፈ ነገር እየፈለግን ማንበብ ጀመርን። ሰው ቢበዛ በአንድ ሴኮንድ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ ውሻ እስከ 45,000፥ ድመት ደግሞ እስከ 64,000 ድረስ ትሰማለች። የቀድሞው ባለ ሣጥን ቴሌቪዥን በአንድ ሴኮንድ 15,625 መስመር ይሥል ስለ ነበር፥ በዚያው ልክ እጅግ ቀጭን የሆነ ፉጨት ያወጣ ነበር። ልጆች ይሰሙት ነበር፤ ሽማግሌ ግን አይሰማውም፤ ለውሻ ደግሞ እጅግ የጎላ ነው። ሥዕሉም በሴኮንድ 50 ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል ስለ ሆነ፥ ዓይኑ ከእኛ ለፈጠነው ለውሻ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ነበር እንጂ ሥዕል አልነበረም። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይህ ጉድለት የለበትም፤ ስለዚህ ቡቺ በቴሌቪዥን ውሻ ባየ ጊዜ ይጮኻል። (ድመታችን ግን በዚህ መሻሻል ከስራለች፤ አሮጌው ሣጥን ሞቃት መኝታዋ ነበርና ጠፍጣፋው ከገባ ወዲህ መተኛ አጥታ ትዞራለች።)

ስለ ሙዚቃም መርማሪዎች ደክመዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ በቤልፋስት፥ ባለቤት በሌላቸው ውሾች መጠለያ ልዩ ልዩ ድምፅ እያሰሙ ጠባያቸውን ተመለከቱ። የአውሮፓ ክላሲክ ሙዚቃ ሲሰሙ ውሾቹ ይተኙ፥ ጸጥም ይሉ ነበር፤ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ጩኸት ሲሰሙ ግን መጮኽ አበዙ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በስኮትላንድ በተደረገ ምርመራ ለዘብ ያለ ሮክና ሬጌ ከሌላው ይልቅ እንዳረጋጋቸው ተጻፈ፤ ሻሸመኔ ይህን ብትሰማ አይደንቃትም። ክራርና ማሲንቆ በውሻ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ የመረመረ ሰው ግን አላገኘንም። በቤታችን በሞከርነው መጠን፥ ዝግ ያለ የክራር ድምፅ ሲሰማ ቡቺ ይተኛል፤ እርሱ የተኛው በክራሩ ይሁን በእናታችን አጠገብ ስለ ሆነ አልለየንም።

ዛሬ የቡቺ ማደሪያ ከመስኮቱ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ዞሯል። የታላቁ ልጃችን ድምፅ ማጉያ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይከፈትም፤ ስለዚህም ሁለት ሳምንት አኩርፎን ከርሟል። የክትባቱ ወረቀት በቴሌቪዥኑ አጠገብ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሪሞቱን የሚያነሣ ሰው ሁሉ ቀኑን ሳያይ አያልፍም።

የ2018 ዓ.ም. ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ቡቺን ገና በቀን በዕቃ ቤት አስገባነው፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው። እናታችን ራዲዮናቸውን ይዘው ገቡና ድምፁን ዝቅ አድርገው በዱካ ላይ ተቀመጡ። ርችቱ ሲጀምር ውሻው እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ፤ የቀረበለትንም ሥጋ እስኪነጋ አልነካም፤ ራሱን ግን በእናታችን ነጠላ ሥር ቀብሮ ዋለ። ልጆቹ በየተራ በሩን እየከፈቱ በሞባይላቸው ብርሃን ሲመለከቱት፥ እናታችን እጃቸውን አንሥተው፥ «በሉ መብራቱን አጥፉና ተኙ፤ እናንተ ባላችሁበት እርሱም አይተኛም» አሉን።