ሶፍትዌር ያለ ሞዴል 19 ሲገባ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር እንዲያወጡ ፈቀደ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዛመተ፣ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ። ያለአግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተነገረ። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ሆነ። ተገቢ ነው፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። «በማሻሻያ ወቅት» የምትለዋ ሐረግ ግን ያን ያህል አላከራከረችም። እኔን የምታሳስበኝ እሷ ናት።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ባንክ ሲስተሙን የሚቀይረው ደንበኛ እየተጠቀመበት ባለው ላይ በቀጥታ በመጻፍ መሆን የለበትም። ባለሙያው ለውጡን በመሥሪያ ሲስተም ላይ ያዘጋጃል፤ በመፈተሻ ሲስተም ይሞከራል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ ወደ ዋናው ይገባል። የሚገባው ነገር ትንሽ ሊሆን ይችላል፦ የኮሚሽን ስሌት፣ የወጪ ጣሪያ፣ ቀሪ ሒሳብ የሚያጣራ አንድ ደንብ።

አደጋው ያለው እዚህ መግቢያ በር ላይ ነው። በደንብ ካልተዘጋጀ፣ የዋናው ሲስተም መዝገብ የሚይዘው ለውጡን ያስገባውን አካውንት ብቻ ነው። መዝገቡ ሲከፈት «ከሌሊቱ 6፡40፣ ደንቡ ተቀይሯል፣ የቀየረው፦ አድሚን» ይላል። አድሚን ደግሞ አምስት ሰው የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አካውንት ሊሆን ይችላል። ደንቡን የጻፈው ሰው ስም መሥሪያው ላይ ቀርቷል። የድሮው ደንብ በአዲሱ ተተክቶ ጠፍቷል። የገባው ያው የተፈተሸው ይሁን፣ ከፈተሻ በኋላ የተነካካ ይሁን አይታወቅም።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ መገረሙ አይቀርም። አንድ ካርቶን እስክሪፕቶ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። አስረካቢም ተረካቢም ይፈርማል። የሚሊዮኖችን ሒሳብ የሚነካ ደንብ ከእስክሪፕቶ ያነሰ ጥበቃ ሊኖረው አይገባም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት የደረሰበትን እንይ። ባለሙያው አዲሱን ኮድ ስምንት ሰርቨሮች ላይ ሲያስገባ አንዱን ዘለለው። እዚያ የቀረው አሮጌ ኮድ ነቃና በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ በ2013 ያወጣው ሰነድ ዛሬም ለማንም ክፍት ነው። ሥራውን ሁለተኛ ባለሙያ እንዳላየው፣ እንዲያይ የሚያስገድድ የተጻፈ ሥርዓትም እንዳልነበረ በግልጽ ያስቀምጣል። ድርጅቱ 12 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ሌላው ደግሞ ከሰነዱ ተማረ።

እኛም ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ቢጠይቃቸው የምለው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለውጡን የጻፈው፣ ያጸደቀውና ያስገባው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ስማቸውም ከለውጡ ጋር አብሮ ይጓዝ። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ቅጂ ሳይጠፋ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የገባው ከተፈተሸው ጋር አንድ መሆኑ ይመሳከር። አራተኛ፣ መዝገቡን ለውጡን የሚያስገቡት ሰዎች ሊሰርዙት በማይችሉበት ቦታ ይያዝ።

«ሌሊት ሲስተም ሲቆም ሦስት ፊርማ ማን ይጠብቃል?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ለአስቸኳይ ጊዜ አንድ ሰው ያስገባ፤ ግን በራሱ ስም ያስገባ፣ ጠዋት ሌላ ሰው ያጣራው።

ይህ ባለሙያውን ለማሰር አይደለም። መዝገብ በሌለበት ጥፋቱ የሚወድቀው ያን ሌሊት ተረኛ በነበረው ልጅ ላይ ነው፤ ትእዛዙን የሰጠው አለቃ «አላየሁም» ብሎ ይገላገላል።

የእነዚያን ተማሪዎች ስም ማወቅ የተቻለው እያንዳንዱ ግብይት ከባለቤቱና ከሰዓቱ ጋር ስለተመዘገበ ነው። ደንበኛው አንድ ሺህ ብር ሲያወጣ የሚጻፈውን ያህል፣ ባንኩም ደንቡን ሲቀይር ይጻፍ።