ቅጂው ለጎንደር፥ ዋናው ለፓሪስ

በዚህ ዘመን ሊቃውንትና ሠዓሊዎች ተማክረው የሚሠሩት አንድ አዲስ ሥራ አለ። ሊቁ ሕንፃውን በሌዘር ይለካል፥ ሠዓሊው ቀለሙን ያስማማል፥ ኮምፒዩተሩም የሁለቱን ድካም አዋሕዶ ቤተ ክርስቲያኑን ከነግድግዳው በስክሪን ላይ ያቆመዋል። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ሰዎች የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተው ቀርጸዋቸዋል። ሥራው የሚደነቅ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከሥራው ጋራ አንድ አሳብ ተከትሎ ይመጣል፤ ይኸውም ምስሉ ከደረሰ ዋናው እንደ ተመለሰ ይቈጠር የሚል ነው። ጎንደር ይህን አሳብ ልትቀበለው አይገባትም፤ ከ90 ዓመት በፊት ዋጋውን ከፍላበታለችና።

በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር ጅቡቲ ጓድ በ1924 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1932) ክረምት ጎንደር ገባ። መጣሁ ያለው ለዕውቀት ነበረ፤ ከሊቃውንቱም ጋራ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ ነበረበት። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጨርቅ ተሥለው በግድግዳ የተለጠፉ ስለ ነበሩ ተላቀቁ፤ ሩም በምትካቸው ቅጂ ሣለ። ልውውጡ በስምምነት ሆነ ይባላል። ይሁን እንጂ ከጓዱ አንዱ የነበረው ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የጉዞ መዝገብ፥ ዛሬ ማሊ በምትባለው አገር የተቀደሱ ዕቃዎች በማስፈራራት እንደ ተወሰዱ ሳይሸሽግ ጽፎአል። እንዲህ ያለው ጓድ «ተስማማን» ሲል የሰማ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የእንጦንስም ሥዕል ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ያን ጊዜ በብሩሽ የተደረገው ዛሬ በሌዘር ሊደረግ ነው። ለሊቁ ሥዕል የመስመርና የቀለም ጉዳይ ነው፤ ለምእመኑ ግን የሚሳለመው፥ በፊቱም ዕጣን የሚያርግለት ነው። በዲጂታል መነጽር ውስጥ የቆመውን ግድግዳ ማን ይሳለመዋል? የቅኔ ተማሪ ስንኳ ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቁን አገኘሁ ቢል መምህሩ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ሆኖም ቅጂን ሁሉ የሚነቅፍ ይሳሳታል። በፈረንጅ ከ1973 ጀምሮ በመንበረ ፓትርያርኩና በአሜሪካ ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ትብብር 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። እዚያ ባሕር የተሻገረው ጥላው ነው፤ ብራናው ወደ ደብሩ ተመልሶአል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የመቅደላው ነገር የከፋ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አድባራት ያስወሰዷቸው መጻሕፍት መቅደላ ደረሱ፤ በ1860 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች ከዚያ ብዙዎቹን ወደ ለንደን አጋዙ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በዲጂታል ተነሥተው የጎንደር ደብተራ በስልኩ ሊያያቸው ተችሎ ነበረ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን የኮምፒዩተር ወንበዴዎች የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍትን ሰብረው በገቡ ጊዜ የምስሉ በር ለብዙ ወራት ተዘጋ። ብራናው በለንደን መደርደሪያ በደኅና ተቀምጦ ሳለ፥ የባለቤቱ ድርሻ የሆነው ጥላ ጠፋ።

እንግዲህ ሌዘሩ ይምጣ። የጎንደር ሠዓሊና የቅኔ መምህር ከለካዩ ጎን ይቁሙ፤ የተቀረጸውም በጎንደር ይቀመጥ፥ ቍልፉም በጎንደር ሰው እጅ ይሁን። የእንጦንስ ሥዕል ጉዳይ ሲነሣ ግን ወደ ግድግዳው የሚመለሰው ያው የተላቀቀው ጨርቅ ነው። ፓሪስ ሥዕሉን ከወደደችው መሣሪያው በእጅዋ ነው፤ ለራስዋ ትቅረጸው።