እርጥብ ሣር ያልደረሰለት ኀዘን፦ ወጣቶቻችን ከወረርሽኙ በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ወገኖቻቸው በቡራዩ የተገደሉባቸው ወጣቶች በቁጣ ወደ አርባ ምንጭ ጎዳናዎች በወጡ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም የአባቶችን ልመና ተሻግረው ማለፍ አልሆነላቸውምና ተመለሱ። ሀገር ሁሉ ይህን አይቶ ተደነቀ።

ቁጣ በአደባባይ ይታያል፤ በጓዳ የተሸሸገ ኀዘን ግን አይታይም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን መግባቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ የግቢ ጉባኤ ወንድሞችና እኅቶችም ተበታተኑ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤ ብዙዎች በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተከታተሉት። በጫሞ ሐይቅ ጎብኚ በጀልባ እየወሰዱ፣ በዶርዜም ሸማ እየሸጡ ለሚኖሩ ወጣቶች ደግሞ የእንግዳው መቅረት የእንጀራ መቅረት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ላይ በ25 በመቶ ጨምሯል፤ ከተጎዱትም መካከል ወጣቶች ቀዳሚዎች ናቸው። ደጆች ሲከፈቱ እኛ የተመለሱትን ቆጥረን ደስ አለን። ከመዝሙር ጥናት የቀረውን ልጅ ግን «ቀዘቀዘ» ብለን አለፍነው። እኔም ብያለሁ፤ ሌሊቱን ሳይተኛ እንደሚያነጋ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። ተኝቶ ሳለ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ኤልያስም በልቶ ዳግመኛ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ ቀስቅሶ መገበው። ስለ ተልእኮው የተነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በኮሬብ ነበር። እኛ አገልጋዮች ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ እንገለብጠዋለን፤ ለደከመው ልጅ አስቀድመን የምናቀርብለት ተግሣጽ ነው። ድባቴ ሁሉ የእምነት ጉድለት ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ እንደ ሆነ አድርጎ መናገርም ሕመምተኛውን በኀፍረት ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል። ጠበሉንና ሐኪሙን ማጣላትም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበርና።

ስለዚህ የንስሐ አባቶቻችን ልጆቻቸውን ሲጎበኙ «ለምን ቀረህ?» ከማለታቸው በፊት «ትተኛለህን? ትበላለህን?» ብለው ይጠይቁልን። ሞትን የሚመኝ ቃል የሰሙ እንደ ሆነም ነገ ሳይሉ፣ ልጁን ብቻውን ሳይተዉ፣ ከቤተሰቡ ጋር በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ያድርሱት፤ ጸሎታቸውም አብሮት ይሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።