የሳይኮሎጂ ተማሪ አቃቂ ይውረድ

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ በጠያቂ ሰዓት የደረሰ ሰው ስንቅ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦችን ያያል። አንዷ እናት ምሳ ዕቃዋን በነጠላ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ልጅ አባቱን የሚያገኘው በዚህች ሰዓት ብቻ ነው። ራቅ ሲል የፋብሪካ ሰርቪስ የሌሊት ተረኞችን ያወርዳል፤ ከክፍለ ሀገር መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት የተከራዩ ወጣት ሴቶች እንቅልፋቸውን ሊጨርሱ ይበተናሉ። ከምኒልክ አደባባይ የተነሣው የከተማ ባቡርም የመጨረሻ ጣቢያው እዚሁ ቃሊቲ ነው።

ናፍቆት፣ ድካም፣ ልማድ፣ ፍርሃት፣ ተስፋ፤ ሳይኮሎጂ አጠናዋለሁ የሚለው ነገር ሁሉ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በአንድ ረፋድ ይገኛል። ነገር ግን አንድ ተማሪ ዓመታት ሳይኮሎጂ ተምሮ ሲመረቅ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ ሰው ሳያነጋግር ሊወጣ ይችላል። ይህ መለወጥ አለበት።

ትምህርቱ እንደ ድሮው ለጥቂቶች ብቻ የተተወ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አጠቃላይ ሳይኮሎጂና የሕይወት ክህሎት የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ሆኗል፤ ቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ሊማር የገባውም ቢሆን ከፍሮይድና ከማስሎ ጋር ይተዋወቃል። ዋና ትምህርቱ አድርጎ የሚይዘው ደግሞ በቀላሉ እዚያ የደረሰ ወጣት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በመጨረሻው ዓመት የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ከመቶ ሃምሳ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ይህን ሁሉ አልፎ ለሚመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ከሞጁልና ከስላይድ የበለጠ ነገር የመስጠት ዕዳ አለበት።

በሞጁሉ ውስጥ የፓቭሎቭ ውሻ አለ፣ የፍሮይድ የቪየና ታካሚዎች አሉ፣ ዣን ፒያዤ እየተከታተለ የመዘገባቸው የገዛ ሦስት ልጆቹ አሉ። እነዚህን ማወቅ ግድ ነው። ችግር የሚመጣው ተማሪው እዚያው ላይ ሲቆም ነው። ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በታወቁ የሳይኮሎጂ መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች የተወሰዱ መሆናቸውን አሳይተዋል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት የተጀመረውን የትዕግሥት ሙከራ የማያውቅ የሳይኮሎጂ ተማሪ የለም፤ ልጁ ፊቱ የተቀመጠለትን አንድ ጣፋጭ ሳይበላ ከቆየ ሁለት ይሰጠዋል። ያው ሙከራ በካሜሩን በንሶ ገበሬዎች ልጆች ላይ ሲደረግ 70 በመቶ ያህሉ ጠበቁ። አብረው ከተጠኑት የጀርመን ልጆች የጠበቁት 28 በመቶ ነበሩ። ከአቃቂ ልጆችስ ስንቶቹ ይጠብቃሉ?

ከዚህ የሚቀርብ፣ በራሳችን ተመራማሪዎች የተሠራ ማስረጃም አለ። እናቶች ከወሊድ በኋላ በድባቴ መያዛቸውን ለመለየት በስኮትላንድ የተዘጋጀ አሥር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ኤዲንብራ ይባላል። ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ሲፈተሽ የታመመችዋን ካልታመመችዋ በደንብ አልለየም። አዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ሲፈተሽ ግን ሠራ። አገሩ አንድ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ መጠይቁም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተለያየ። አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ ከተማም ገጠርም ነው። የፎቅ ኮንዶሚኒየም ነዋሪና የእርሻ መሬቱን ከተማው የወሰደበት አርሶ አደር ጎረቤት ሆነዋል፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ግቢ ይነገራሉ። እዚህ ከኢንተርኔት የወረደ መጠይቅ አባዝቶ ማደል ጥናት ሊባል አይገባውም።

በብዙ የትምህርት ክፍሎች የሚታየው ግን ይኸው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ ተማሪው በውጭ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ ይፈልጋል፣ ያባዛል፣ ማደሪያ ክፍሎች እየዞረ ለጓደኞቹ ያድላል። ጓደኞቹ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው "በጣም እስማማለሁ" የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። በሳምንቱ መቶኛው ይሰላል፣ ጽሑፉ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፤ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የድጋፍ ደብዳቤና የሚከታተላቸው መምህር በጊዜ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው።

ተማሪ ከግቢ ሲወጣ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የማሪየንታልን ታሪክ ማንበብ ይበቃል። ማሪየንታል ለቪየና ቅርብ የሆነች፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትተዳደር መንደር ነበረች። በዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት ፋብሪካው ሲዘጋ የመንደሩ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ሥራ ፈታ። ከቪየና ዩኒቨርሲቲ ከሳይኮሎጂ ተቋሙ ጋር የሚሠሩ ወጣቶች ወደዚያ ሄዱ፤ ከመሪዎቹ አንዷ ማሪ ያሆዳ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበረች። የሄዱት በአንድ ቆራጥ ደንብ ነው፤ ማንም ሰው ለመንደሩ የሚጠቅም ነገር ሳይሠራ ለማየት ብቻ አይገባም። ስለዚህ ልብስ አሰባስበው አከፋፈሉ፣ የልብስ ስፌት አስተማሩ፣ ሐኪም አምጥተው ሕዝቡን አሳከሙ።

እየረዱ መዘገቡ። የ478 ቤተሰቦችን ማኅደር አዘጋጁ። ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ በሰዓት በሰዓት አስጻፉ። መስኮት ጥግ ቆመው የመንገደኛውን እርምጃ በሰዓት ለኩ፤ ሥራ ያጡት ወንዶች ከሴቶቹ ይልቅ ቀስ ብለው እንደሚራመዱና ደጋግመው እንደሚቆሙ አዩ። ሴቶቹ የቤት ሥራ ነበረባቸው፤ ወንዶቹን ግን የሚያስቸኩላቸው ነገር አልነበረም። ከሁሉ የሚያስደንቀው የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ነው። ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ጊዜ ነበረው፣ መጽሐፍ መዋሱም በነፃ ሆኖ ነበር፤ የተዋሱት መጽሐፍ ብዛት ግን በግማሽ ያህል ወረደ። ያሆዳ ኋላ ላይ ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለሰው ቀኑን ሥርዓት እንደሚያስይዝለት፣ ከባልንጀራ እንደሚያገናኘውና ክብር እንደሚሰጠው ያስተማረችው ከዚህ ተነሥታ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1933 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

አቃቂም ለአሥርት ዓመታት በጨርቃ ጨርቅና በብረታ ብረት ፋብሪካዎቿ የምትታወቅ ናት። በጡረታ የወጡት አንጋፋ ሠራተኞች እዚያው ሰፈር ቡና እየጠጡ አሉ፤ ፋብሪካ ሲቀዛቀዝ የቤታቸው ቀን እንዴት እንደተለወጠ ሊናገሩ ይችላሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል (ከአጎዋ) ከወጣች በኋላ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ሥራቸውን ያጡት ሴቶች ታሪክም እንዲሁ ጠያቂ ይፈልጋል። ስንቅ አቀባይዋ እናት ለልጇ አባቱ የት እንዳለ ምን ብላ ትነግረዋለች? ከጂቡቲ መስመር የተመለሰ የጭነት ሾፌር እንቅልፉን ምን ያህል ያገኛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ደብተር፣ የሚያዳምጥ ጆሮና የሰለጠነ ተቆጣጣሪ ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ልክ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሐኪም አይደለም። የተጎዳን ሰው ቁስል ነካክቶ ትቶ መሄድ በደል ነው። ስለዚህ ማንንም ያለ ፈቃዱ አለመጠየቅ፣ የሰማውን ምሥጢር መጠበቅና ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው ሲገጥመው ወዴት እንደሚልክ ማወቅ ከመውጣቱ በፊት መማር ያለበት ነገር ነው። የሚላክበት ቦታም ብዙ አልነበረም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱን የአእምሮ ሕሙማን ብቻውን ሲሸከም ኖሯል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘረጋው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ የፈለገውም ለዚህ ነው። ሰውን የመጉዳት አደጋው ግን ተማሪውን ግቢ ውስጥ ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም። በመምህር ሥር ሆኖ አሁን ያልተለማመደ ልጅ ነገ በአንድ ትምህርት ቤት አማካሪ ሆኖ ሲቀጠር ብቻውን በተማሪዎች ላይ ይለማመዳል።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። በአዲስ አበባ ያሉ የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍሎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ከግቢ ውጭ የተሰበሰበ መረጃ ግዴታ ያድርጉ፤ ለትራንስፖርትና ለተቆጣጣሪ መምህር በጀት ይያዙ። የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልና የሰፈሩ እድሮች በየሴሚስተሩ ጥቂት ተማሪ ይቀበሉ። ተማሪዎቹም የማሪየንታልን ደንብ ይያዙ፤ በሄዱበት ሁሉ ልጅ ያስጠኑ፣ ቅጽ ይሙሉ፣ ያገኙትን ውጤትም ለጠየቁት ሰው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መልሰው ይንገሩ። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የአንድ ዲንና የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ፊርማ ይበቃል።